ጥሩ ኬጂ በምን ይታወቃል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች፣ ለሰፈርተኛውም

ነሐሴ ሲጋመስ ደሴ ውስጥ የወላጅ ወሬ አንድ ነው። ልጄን የት ላስገባው? ፒያሳ ታክሲ ስንጠብቅም፣ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ስንመርጥም ይኼንኑ እንጠያየቃለን። እንግሊዝኛቸው እንዴት ነው? ስሙን መቼ መጻፍ ይጀምራል? ዩኒፎርሙ ስንት ነው? ሰርቪስ አላቸው?

ጥያቄዎቹ ከፍቅር የመጡ ናቸው። ወላጅ ከጉሮሮው ቀንሶ የሚከፍለው ልጁ ከእሱ የተሻለ እንዲሆንለት ነው። ነገር ግን አራቱም ጥያቄዎች ተመልሰው ስለ ጥራቱ ብዙም ሳናውቅ ወደ ቤት እንመለሳለን።

የትንሽ ልጅ እንክብካቤና ትምህርት ጥራት ከሁሉ በፊት የሚታየው አዋቂው ከልጁ ጋር በሚኖረው ምልልስ ላይ ነው። ሲናገር የሚሰማው አለ? ሲጠይቅ ይመለስለታል? ሲያለቅስ ማን ያነሳዋል? ምግቡ፣ ጤናውና ደኅንነቱ ከዚህ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ሕንፃው፣ ዩኒፎርሙና እንግሊዝኛው ከነዚህ በኋላ ቢመጡ ይደርሳሉ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ሰፈርተኛው በእጁ ባለው ነገር ምን ሊሠራ እንደሚችልም አብረን እናያለን።

ከኬጂ በፊት ያለው ጊዜ

ልጅ ሲወለድ አንጎሉ በመጠን የአዋቂውን ሩብ ያህላል። ሦስት ዓመት ሲሞላው 80 በመቶ ገደማ፣ በአምስት ዓመቱ ደግሞ 90 በመቶ ይደርሳል። በነዚህ ዓመታት በአንጎል ሕዋሳት መካከል በየሰከንዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ግንኙነቶች ይፈጠራሉ። ልጁ ደጋግሞ የሚጠቀምባቸው ይጠነክራሉ። የማይጠቀምባቸው ደግሞ እየከሰሙ ይጠፋሉ።

እንግዲህ አስቡት። በአራት ዓመቱ ቦርሳ አሸክመን ኬጂ በር ላይ ስናደርሰው ትልቁ ግንባታ አብዛኛው አልፏል። የሠራው ደግሞ ቤቱ ነው።

ግንኙነቱ የሚጠነክረው እንዴት ነው? ሸዋ በር አካባቢ አንድ ቤት ቡና ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአሥር ወር ልጅ አያቱ ጭን ላይ ተቀምጧል። ረከቦቱ ላይ ያሉትን ሲኒዎች አይቶ እጁን ዘረጋና «እህ! እህ!» አለ። አያትየዋ እጁን ገታ አድርገው፣ «ምን አየህ የኔ ጌታ? ሲኒ? ሲኒው ይፋጃል። ኡፍ በለው» አሉት። ልጁ አፋቸውን አፋቸውን አየ። ከዚያ ከንፈሩን አሞጥሙጦ «ፉ» አለ። እሳቸውም «ጎሽ!» ብለው መልሰው ኡፍ አሉለት። እሱም እንደገና «ፉ»። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በዚያች ጊዜ ግን ልጁ አንድ ዕቃ ስም እንዳለው ሰማ። ትኩስ ነገር እንደሚያቃጥል ሰማ። ድምፁን ሲያሰማ የሚመልስለት ሰው እንዳለ አረጋገጠ። ተራ መጠበቅንም ጀመረ፤ አንዴ አንቺ፣ አንዴ እኔ። ሴትየዋ ፊደል አልቆጠሩም። የሠሩት ሥራ ግን ግሩም ትምህርት ነው። ይህ በቀን ሃምሳና መቶ ጊዜ ሲደጋገም የልጁ ቋንቋና አስተሳሰብ ይገነባል።

ምልልሱን ዛሬ የሚቆርጠው ዋናው ነገር ስልክ ነው። ለልጁ ዩቲዩብ ከፍተን ስንሰጠው ዝም ይላል፤ እኛም ሥራችንን እንሠራለን። ድካሙ ይገባኛል። ስልኩ ግን ልጁ «እህ» ሲለው አይመልስለትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመክርም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ቢያንስ ማዕድ ላይና ልጅ ስናስተኛ ስልኩን እናርቀው።

ከጃማይካ የመጣ ማስረጃ

ብዙ ሰው «ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 ጃማይካ ኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ውስጥ የተጀመረው ጥናት ለዚህ መልስ አለው።

ተመራማሪዎቹ ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸውን 129 ልጆች ወሰዱ። ሁሉም የቀነጨሩ፣ ማለትም በምግብ እጥረትና በሕመም የተነሳ ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ ነበሩ። ለተወሰኑት እናቶች በየሳምንቱ አንድ የጤና ሠራተኛ ቤታቸው ድረስ ትሄድ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ትቀመጣለች። ከቤት ውስጥ ዕቃ በተሠሩ መጫወቻዎች ከልጁና ከእናቱ ጋር ትጫወታለች። እናቲቱ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምታወራና እንደምትጫወት ታሳያታለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ቀጠለ። የጤና ሠራተኞቹ ዶክተሮች ወይም መምህራን አልነበሩም፤ እኛ ዘንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የምንላት ዓይነት ሴቶች ነበሩ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ልጆቹን ፈለጓቸው። ያን የጨዋታ ጉብኝት ያገኙት ካላገኙት በ25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ነበራቸው። በገቢ ደረጃ ሳይቀነጭሩ ያደጉ እኩዮቻቸውን ደርሰውባቸዋል።

ይህ ለኛ ቅርብ ጉዳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ 38 በመቶ ነበር። ክልሉ እህል አምራች ሆኖ ሳለ ነው እንግዲህ። ባቄላው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ ገበያ ይወጣል፤ ልጁ ጋ የሚደርሰው እንጀራና ሽሮ ነው።

ስለ ምግብ በአጭሩ ይህን ልበል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ወፈር ያለ ገንፎ። እህልና ጥራጥሬ ተመጣጥኖ የተፈጨበት ምጥን ዱቄት ቢሆን፣ እንቁላል ወይም ወተት ቢጨመርበት፣ ካሮት ወይም ጎመን ተፈጭቶ ቢገባበት ጥሩ ነው። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። ጨውን አትናቁ። የአዮዲን እጥረት በዓለም ላይ ሊከላከሉት ከሚቻል የአእምሮ ዕድገት ጉዳት መንስኤዎች ዋነኛው ነው። በእርጉዝ ሴት ላይ ሲከሰት ፅንሱን ይጎዳል። እንደኛ ያለ ደጋና ተዳፋት አገር አፈሩ እየታጠበ አዮዲኑን ያጣል። ስለዚህ አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ግዙ፤ ክዳኑን ዝጉት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይታያል?

አሁን ወደ ኬጂው እንግባ። ሁለት ክፍል ላሳያችሁ።

በአንደኛው ክፍል የአራት ዓመት ልጆች በረድፍ ተቀምጠዋል። ዴስኩ ለትልልቅ ተማሪዎች የተሠራ ስለሆነ እግራቸው መሬት አይደርስም። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ትጠቁማለች፤ «ኤ ፎር አፕል» ትላለች። ሁሉም ይጮኻሉ። ቀጥሎ ደብተር ይወጣል። አንዲት ትንሽ ልጅ እርሳሱን በሙሉ መዳፏ ጨብጣ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ትጫናለች። አርባ ደቂቃ ሙሉ ማንም ልጅ የራሱን ዓረፍተ ነገር አልተናገረም። ወላጅ ማታ ደብተሩን ሲያይ ገጹ ሞልቷል፤ ይደሰታል።

በሌላኛው ክፍል ግድግዳው ቀለሙ ለቋል። መሬቱ ላይ ሰሌን ተነጥፏል። ልጆቹ «ሱቅ» እየተጫወቱ ነው። ጠጠር ሽንኩርት ሆኗል፤ ቆርኪ ብር ሆኗል። ባለሱቁ «አምስት ብር» ይላል። ገዢዋ እጇን ከፍታ ትቆጥራለች፤ «ሦስት ነው ያለኝ።» ባለሱቁ ያስባል። መምህሯ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ፣ «ስንት ጎደላት?» ትላለች። ልጁ ጣቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። «ሁለት!» ከዚያ ከራሱ ጨምሮ፣ «ነገ አምጪ፤ ዱቤ» ይላል። በዚህ መሃል አንዱ ተንደርድሮ ወድቆ ሲያለቅስ መምህሯ «አብሽር፣ አብሽር፣ የቱ ጋ ነው ያመመህ?» ብላ አነሳችው። ደብተር ላይ የሚታይ ነገር የለም።

ጥራቱ ያለው በሁለተኛው ክፍል ነው። ልጆቹ መደመርና መቀነስን በእጃቸው ሠርተዋል። ተደራድረዋል። ተራ ጠብቀዋል። ችግር ሲገጥማቸው መፍትሔ ፈጥረዋል። መምህሯም መልሱን ሳትነግራቸው በጥያቄ ወደፊት ገፋቻቸው።

የአራት ዓመት ልጅ የጣቶቹ ጡንቻ ገና አልጠነከረም። ቀድሞ የሚያስፈልገው ጭቃ ማቡካት፣ ዶቃ መሰካት፣ ወረቀት መቅደድ፣ በከሰል መሬት ላይ መሳል ነው። እርሳሱ ጊዜውን ጠብቆ ይደርሳል።

መጫወቻ ከቻይና መግዛትም አያስፈልግም። ቅልብልቦሽ እጅና ዓይንን ያስተባብራል፤ ቁጥርንም ያስተምራል። ገበጣ ሒሳብ ነው። ኩኩሉ ስንጫወት ልጁ «ነጋ» እስኪባል ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፤ ራስን መግዛት የሚለመደው እንዲህ ነው። እንቆቅልሽ ከፍንጭ ተነስቶ ማሰብን ያሠለጥናል። ተረት ደግሞ የነገርን ቅደም ተከተል፣ ከዚያም አልፎ የሌላውን ስሜት ያሳያል። ይህን ሁሉ የሚያውቁ አያቶች በየሰፈሩ አሉን። ኬጂዎቻችን በሳምንት አንድ ቀን አንድ እናት ወይም አባት ጋብዘው ተረት ቢያስነግሩ ወጪው አንድ ሲኒ ሻይ ነው።

እንግሊዝኛውስ? ልጅ ማንበብን በቀላሉ የሚማረው በሚናገርበት ቋንቋ ነው። ድምፅና ምልክት እንደሚገናኙ አንዴ በአማርኛ ከገባው፣ ያንን እውቀት ወደ እንግሊዝኛ ይዞት ይሄዳል። የቃሉን ትርጉም ሳያውቅ የሚሸመድድ ልጅ ግን ንባብ ትርጉም እንዳለው አይገባውም። ፊደላችን 33 ቤት በሰባት እያለ 231 ሆሄ ነው። ሰፊ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ውስጥ በኦሮምኛ አፉን የፈታ ልጅ ካለ ደግሞ መምህሯ በቋንቋው ሰላም ብትለው፣ ጥቂት ቃላትም ብትይዝለት፣ ክፍሉ የእሱም መሆኑ ይሰማዋል። እንግሊዝኛ በዘፈንና በጨዋታ ቢገባ አልቃወምም። የቀኑን ሙሉ ሰዓት ሲበላ ግን እቃወማለሁ።

ስለ ቄስ ትምህርት ቤቱና ስለ መድረሳው ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ወሎ ውስጥ ዘመናዊ ኬጂ ሳይታወቅ በፊት ትንንሽ ልጆችን ሰብስበው ያስተማሩ የኔታዎቹና ሼሆቹ ናቸው። ዛሬም ብዙ ልጅ የመጀመሪያ አስተማሪው እነሱ ናቸው። ልጆቹ ማዳመጥን፣ ማስታወስን፣ ታላቅን ማክበርን እዚያ ይማራሉ። የጤና ባለሙያዋ እዚያም ብትደርስ፣ በመሃል የጨዋታ ዕረፍት ቢኖር፣ እጅ መታጠቢያ ውሃ ቢቀመጥ፣ ትልቅ ለውጥ ይመጣል።

ዜሮ ክፍል

ኬጂ መክፈል የማይችል ወላጅ ብዙ ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ ዘመን ቅድመ መደበኛ ትምህርት በአመዛኙ ለግል፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጊዎች የተተወ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ማዕቀፍ አወጡ። ማዕቀፉ አራት መንገድ ያዘ። ወላጅን ማስተማር አንዱ ነው። የጨቅላዎችን ጤናና ማነቃቂያ መከታተል ሌላው ነው። ሦስተኛው ኬጂ ሲሆን አራተኛው ማኅበረሰብ አቀፍ የትምህርት ቤት ዝግጅት ነው። ዜሮ ክፍል ወይም ኦ ክፍል የምንለው በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በዚህ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ አንደኛ ደረጃን ጊዜ ሁለት ዓመት አድርጎታል።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ክፍሉ ግን ብዙ ጊዜ ከግቢው ጥግ የተረፈ ቤት ነው። ልጁ ብዙ፣ መምህሯ አንድ፣ ዴስኩ የትልልቆቹ። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ስለ ስምንተኛ ክፍል ፈተና ይወራል፤ ስለ ዜሮ ክፍል የሚያነሳ የለም። መጀመሪያ የምለምነው ይህን ነው፤ የልጁ ወላጅ ባንሆንም በሰፈራችን ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ስለ ዜሮ ክፍል እንጠይቅ። ሰሌን፣ ዝቅ ያለ መደርደሪያ፣ የታጠበ ቆርኪ በማዳበሪያ ከረጢት፣ የአናጺ ቁርጥራጭ እንጨት ተሞርዶ። ይህን ለማምጣት በጀት መጠበቅ አያስፈልግም።

በማዕቀፉ ውስጥ ካሉት አሠራሮች አንዱ ታላላቅ ተማሪዎች ታናናሾችን እንዲያጫውቱ የሚያደርግ ነው። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች በመምህር ተዘጋጅተው የሰፈራቸውን ትንንሾች ይሰበስባሉ። ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም በጨዋታ ያሳያሉ። ደሴ ውስጥ የመምህራን ኮሌጅ አለ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው። ተማሪዎቻቸው ይህን በየቀበሌው ቢያግዙ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

ኮምቦልቻ፦ የሦስት ወር ልጅና የፋብሪካ ሰዓት

የሀረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ጥያቄው ይለወጣል። እዚያ ብዙዋን እናት የሚያስጨንቃት የዛሬው ቀን ነው፤ ልጄን ለማን ትቼ ልሂድ?

ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው ቆይቷል። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። በጨርቃ ጨርቅና በልብስ ስፌት ሥራ ላይ የሚቀጠሩት በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ እናታቸው ወይም እህታቸው አጠገባቸው የለችም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን የደመወዝ ፈቃድ አላት። የጤና ባለሙያዋ ደግሞ «ስድስት ወር ጡት ብቻ» ትላታለች። ስድስት ወር 180 ቀን ነው። በመካከል ሦስት ወር ክፍት ቀረ። ልጁ የሚያጣው ጡቱን ብቻ አይደለም፤ ያ ሁሉ ምልልስም አብሮ ይቀራል።

እናቶቹ ይህን ክፍተት የሚደፍኑት በጎረቤት ነው። ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት በወር እየተከፈላት የሦስት የአራት ሰው ልጅ ትይዛለች። እነዚህ ሴቶች የከተማዋን ኢኮኖሚ ትከሻቸው ላይ ተሸክመዋል ብል አላጋነንኩም። ሥልጠና ግን የሰጣቸው የለም። በአሳቢነት የሚችሉትን ሁሉ ያደርጋሉ፤ ልጆቹ በዙ ጊዜ ደግሞ ማስተኛትና ዝም ማሰኘት ይሆናል ሥራቸው።

እኔ ገንዘብና ጊዜ ያለው ማንኛውም አካል ከነሱ ቢጀምር እላለሁ። ጥቂት ቀን ሥልጠና ብዙ ይለውጣል። ጨቅላ ሲተኛ በጀርባው። ልጅ ባለበት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አይነድም፤ በተለይ ደሴ ላይ ብርዱ ሲጠና ይህ ሕይወት ይቀጥፋል። እጅ ከዳይፐር በኋላና ከማብላት በፊት በሳሙና። ዳይፐር ሲቀየርና ሲበላ ማውራት። አንዲት ሴት ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ጨቅላ አትያዝ።

የእናት ወተት ታልቦ ሊቀመጥ እንደሚችል የማያውቁ ብዙ ናቸው። በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለአራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን። የኮምቦልቻ ሙቀት ሲበረታ ግን ፍሪጅ ወይም በረዶ ያለበት ዕቃ ያስፈልጋል። ሲሰጥ በጡጦ ከሚሆን በንጹሕ ኩባያ ቢሆን ለማጠብ ይቀላል። ለዚህ ግን እናቲቱ ሥራ ቦታዋ ላይ በሩ የሚዘጋ ክፍልና ጥቂት ደቂቃ ማግኘት አለባት።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴት ሠራተኞች ልጃቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁም አዝዞ ነበር። መሥሪያ ቤታችሁ ማቆያ ከሌለው አሁን የሚሠራበትን አዋጅ አጣርታችሁ ጠይቁ። የግል ድርጅቶችም ቢሆኑ ይህን እንደ ምጽዋት ባያዩት ደስ ይለኛል። የሠለጠነች ሠራተኛ ልጅ የሚይዝላት አጥታ ስትለቅ አዲስ ሰው ቀጥሮ ማሠልጠን ወጪ ነው።

ጦርነቱን ያዩ ልጆች

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ጨቅላ የነበሩ ልጆች አሉ። እናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው የሸሹ፣ ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው እዚህ የደረሱ። ረጅም ፍርሃት የልጅን አካል በጭንቀት ሆርሞን ያጥለቀልቀዋል፤ ትኩረትንና እንቅልፍን ይጎዳል። ከዚህ የሚጠብቀው ዋናው ነገር አንድ የማይለዋወጥ፣ የሚያረጋጋ አዋቂ ነው።

ስለዚህ ለሰርግ የተተኮሰ ጥይት ሰምቶ ዴስክ ሥር የገባን ልጅ «ፈሪ» አትበሉት። ቁጭ ብላችሁ፣ «አስደነገጠህ አይደል? ሰርግ ነው፤ እኔ አለሁ» በሉት። ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ ትምህርት ቤቱ በሰዓቱ ይሁን። ጦርነት ጦርነት ሲጫወት አትደንግጡ፤ ልጆች ያዩትን የሚፈጩት በጨዋታ ነው። ንግግሩ ከጠፋ፣ ትቶት የነበረው አልጋ ማርጠብ ተመልሶ ወራት ከቆየ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሌላም አለ። አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል የማይገጥም ልጅ ጆሮው ይመርመር። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እየተባለ ስንት ዓመት ይባክናል። በጊዜ የተደረሰለት ልጅ ብዙ መንገድ ይሄዳል። የደበቅነው ግን ቤት ውስጥ ይቀራል።

ቅሬው ምን ያድርግ?

እኛ ዘንድ ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ የሌለው ሰፈር የለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ይሰበሰባል፤ ወርሃዊ መዋጮ አለ፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ሰሃን አለ። ሰዎቹ ይተዋወቃሉ፤ ይተማመናሉ። አንድን ነገር ለመጀመር ከዚህ የሚበልጥ መነሻ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል የቅሬው ወንበርና ሰሌን ይውጣ። ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ያላቸው እናቶች፣ አባቶችም፣ ልጆቻቸውን ይዘው ይምጡ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ክብደትና ቁመት ትለካ፤ ክትባት ያለፈውን ትለይ። አንድ ልምድ ያላት መምህርት ጨዋታ ታሳይ። አያቶች ተረት ይንገሩ። ምጥን ገንፎ በጋራ ይሠራ፤ ልጆቹ ይብሉ። ጃማይካ ላይ የተሠራው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጥንካሬው ድግግሞሹ ነው፤ በየሳምንቱ፣ ሳይሰለቹ።

ሳይጀመር የሚነሳው ጥያቄ «አባቶች ይመጣሉ ወይ?» ነው። ኢማሙና የነፍስ አባቱ ጁምዓና እሑድ ላይ አንድ ሁለት ቃል ቢሉበት ይመጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ወደ ነሐሴው ምዝገባ እንመለስ። ኬጂ ልታዩ ስትሄዱ ቢሮ አትቀመጡ። ትምህርት ባለበት ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሂዱና ክፍሉ በር ላይ ሃያ ደቂቃ ቁሙ። ድምፁ በብዛት የማን ነው፤ የመምህሯ ነው የልጆቹ? ልጅ ስታናግር ዝቅ ትላለች? ዱላ ወይም ጎማ ጥግ ላይ አለ? ሽንት ቤቱ ጋ ሂዱ፤ ውሃ አለ? በሩን የአራት ዓመት ልጅ ብቻውን ይከፍተዋል? አንድ ልጅ ሱሪው ላይ ቢሸና ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ መምህሯን ጠይቋት፤ ፊቷን እያያችሁ። በመጨረሻም ባለፈው ዓመት ስንት መምህር እንደለቀቀ ጠይቁ። ትንሽ ልጅ የሚማረው ከለመደው ሰው ነው፤ መምህሩ በየሦስት ወሩ የሚቀያየርበት ኬጂ ክፍያው የትም ቢደርስ አይጠቅመውም። መልሱን ቢሮ ከነገሯችሁ በኋላ ስትወጡ የበሩን ጥበቃም ጠይቁት።